አራት ጠርሙስ

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮው ጓሮ፣
አቶ ምንውየለት መጣ፣ ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ።
«ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሪኖው ታድሷል።
ካንዴሌታው አራቱም ኅዳር ላይ ተቀይሯል።
ፖምፓው ነው አለኝ አንዱ፣ እዚሁ ሱማሌ ተራ፤
‹አይሸጥም› አልኩት፣ የመኪናዋን መስሎኝ ዋጋውን ሲጠራ።»

እኔ ደረሰኝ አላክምም።
«የቀየርከውን ተወው» አልኩት፤ «እምቢ የምትለው መቼ ነው?
አድራ፣ ብርድ ሲመታት? ወይስ ሲሞቃት ነው?»

መሃረብ አወጣ። አሰበ።
«ጠዋትማ ወዲያው ነው፣ አንድ ጊዜ ስነካት።
ቸርችል ጎዳና አቁሜ፣ ዕቃ አስረክቤ ስመለስላት፣
አሥር ደቂቃ ባልሞላ፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣
የኋላው ሰው በጥሩንባ ሲያብድ፣ ትራፊኩ ሲመጣ፣ ያኔ ትነሳለች።»

«ስትዞር ጭስስ? ነጭ ነው?»
«ምንም የላት። ደረቅ።»
ዘምዘም ከላፕቶፑ ቀና አለች።
እዚህ ጓሮ ያቺ አንዲት ቃል ከፌስታሉ ሁሉ ትበልጣለች።

ጭስ ካለ፣ ናፍጣው ገብቶ እሳት አጥቶ ነው ያኮረፈው፤
ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ ነው፣ ደጁን ያልረገጠው።

የድሮውን መኪና ቁልቁለት ላይ ታሳድረዋለህ፣
ሰፈር ተጠርቶ «ሆ!» ብሎ ይገፋልሃል፤ ትሄዳለህ።
ይሄኛው ኮምፒውተር ነው፤ ግፊቱ ካልሞላ
አንዲት ጠብታ አይለቅም፣ ቢገፋው እንኳ ያገር ሰው በሞላ።

ዘምዘም ገመዱን ሰካች። ሞተሪኖው ሲያጉረመርም
ቁጥሩን ጮክ ብላ ጠራች፦ «መቶ አርባ… መቶ ስድሳ… አያልፍም።»
የሚመጣው ናፍጣ ሳይጠራቀም አንዱ በጓሮ ያስወጣዋል፤
ማን እንደሆነ ግን ኮምፒውተሩ አይናገርም፣ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

የግሉኮስ ቱቦዎቹን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ፣
በየኢንጀክተሩ መላሽ ላይ አራቱንም አሰርኩ፣
ከሥራቸው አራት የውሃ ጠርሙስ አንገት ላንገት ደረደርኩ።
«በሽተኛ ነች እንዴ?» አለ ምንውየለት።
«ነች። ግን ልንሰጣት አይደለም፤ የምትመልሰውን ልናይላት።»

አስነሳንና ጠበቅን። ከጣሪያው በላይ ክሬን ይዞራል፤
ከአጥሩ ውጭ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።
አንደኛው ጠርሙስ፣ ጣት ያህል።
ሁለተኛው፣ እንደዚያው።
አራተኛው ትንሽ አነሰ።
ሦስተኛው ግን እንደ ነሐሴ አሸንዳ ወረደ፣ አንገቱ ድረስ ፈሰሰ።

«ይሄ ነው?»
«ይሄ ነው።»
ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያረጀ አፍ ቀጭን ነገር አይዝም።
ጠዋት ወፍሮ የሸፈነለትን፣ ቀትር ላይ አይሸፍንለትም።
(ሰውም እንዲሁ ነው ልል ነበር። ተውኩት፤
ዘምዘም እንዲህ ስል ትስቅብኛለች።)

ማታ ሌላ ኢንጀክተር መጣ፣ ግማሹ በዱቤ።
ዘምዘም ከራሱ ላይ የተጻፈውን ኮድ ፊደል በፊደል ስታስገባ
ሁለቴ ተሳሳተች፣ ሁለቴ ተሳደበች፣ በሦስተኛው ገባ።
ሞተሩን አሙቀን አጠፋነው። አሥር ደቂቃ ቆጠርን፤
ያቺን የቸርችልን አሥር ደቂቃ።

«ንካት» አልኩት።
ፈራ። ቁልፉን እንደ ትኩስ ድንች ካንዱ እጅ ወዳንዱ አዞረ።
ነካት። ገና እጁን ሳያነሳ ጓሮው በድምፅ ተሞላ።

አጠፋት። አስነሳት። አጠፋት። እንደገና፣ እንደ ልጅ፣ እየሳቀ።
«ሞተሪኖውን ልትጨርሰው ነው!» ብዬ ጮህኩ።
«እሱም እኮ አዲስ ነው» አለኝ፣ ፌስታሉን እያሳየኝ።

ዘምዘም ቱቦዎቹን አጥባ ከሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤
ከሦስተኛው ጫፍ አንዲት ጠብታ
ወርዳ ሳትወርድ ተንጠለጠለች።